ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው? የሳፍዲ ወንድማማቾች ፊልሞችና ጥቁር ገጸ ባሕርያቸው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የሳፍዲ ወንድማማቾችን ‹አንከት ጄምስ› አየን። ገና ሲጀምር ወሎ፣ ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ግን ብዙም ሳይቆይ ሰዎቻችን ጠፉ። ፊልሙ እስኪያልቅም ተመልሰው አልመጡም። ቀጥለን ‹ጉድ ታይም›ን አየን። እዚያ ደግሞ ጥቁሮቹ ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ፣ ከዚያ ፊልሙ ረስቷቸው ይሄዳል። ጓደኞቼ ዘረኞች ናቸው አሉ። እኔ ደግሞ ዘረኝነትን እያሳዩን ነው እንጂ ብዬ ድርቅ አልኩ። ማን ነው ልክ? አቤል ተስፋዬስ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ምላሽ፦ «ጉድ ታይም» ላይ አንተ ትበልጣለህ። «አንከት ጄምስ» ላይ ግማሽ ግማሽ ናችሁ። ወሎ ላይ ግን ጓደኞችህ ረትተውሃል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልበል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የፊልሞቹንም መጨረሻ እናገራለሁ፤ ያላየ ሰው አይቶ ይመለስ።

ጆሽና ቤኒ ሳፍዲ የኒውዮርክ ልጆች ናቸው። አንዱ በ1984፣ ሌላው በ1986 ተወለዱ። ቤተሰባቸው አይሁዳዊ ነው። አባታቸው በማንሃተን 47ኛ ጎዳና፣ አልማዝና ወርቅ በሚሸጥበት ሰፈር ሠርቷል። አብረው በሚሠሩበት ጊዜ ፊልሞቻቸውን ከሮናልድ ብሮንስቲን ጋር ይጽፉና ያቀናብሩ ነበር። ተዋናይ ሲመርጡ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ማሠራት ይወዳሉ። ስለዚህ ፊልማቸው ውስጥ የምታየው ፊት የከተማዋ ፊት ነው። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ስደተኛው፣ ቁማርተኛው አንድ ላይ ይጋፋል። ኒውዮርክን እየቀረጹ ጥቁር ሰው እንዳይታይ ማድረግ አይቻልም። እነሱም አልሞከሩም። እዚህ ድረስ ምስጋና ይገባቸዋል።

ጥያቄው ግን ጥቁር ሰው ፊልሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም አይደለም። ዋናው ሰው ጣጣ ሲያመጣ ጣጣው የሚያርፈው ማን ላይ ነው? እኔ የማየው ይህንን ነው።

«ጉድ ታይም» የወጣው በ2017 ነው። በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀርቧል። ኮኒ የሚባል የኩዊንስ ወሮበላ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ወንድሙን ኒክን ይዞ ባንክ ይዘርፋል። ኮኒን ሮበርት ፓቲንሰን፣ ኒክን ራሱ ቤኒ ሳፍዲ ይጫወቱታል። ኒክ ይያዛል። ኮኒ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ለማስፈታት ሲሯሯጥ ያገኘውን ሰው ሁሉ መጠቀሚያ ያደርጋል።

እስቲ ዝርፊያውን አስታውስ። ሁለቱ ወንድማማቾች ያጠለቁት ጭምብል የጥቁር ሰው ፊት ነው። ኮኒ ሲዘርፍ ጥቁር ነው። ሲሸሽ ነጭ ይሆናል። ይህ የተጋነነ ከመሰለህ በእውነትም የደረሰ ነገር አለ። በ2010 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ነጭ ሰው ከእውነተኛ ቆዳ የማይለይ የጥቁር ሰው ጭምብል እያጠለቀ ባንኮች ዘርፏል። ፖሊስ በዚያ ዝርፊያ መጀመሪያ ያሰረው ምኑንም የማያውቅ ጥቁር ሰው ነበር። ምስሉን ያየችው የገዛ እናቱ እንኳ ልጄ ነው ብላ ተሳስታለች። ስለዚህ ጭምብሉ ለቀልድ የገባ አይደለም። ፊልሙ ገና ከመነሻው ኮኒ ወንጀሉን በሌላ ሰው ፊት እንደሚሠራ፣ ተጠያቂውም ሌላ እንደሚሆን እየነገረህ ነው።

ከዚያ ኮኒ ወደ አንዲት ጥቁር አሮጊት ቤት ይገባል። ሴትዮዋ አታውቀውም። አዝናለት ነው ያስገባችው። እሱ ግን ቤቷ ገብቶ ያገኘውን የጸጉር ቀለም ይቀባል፣ መኪናዋን ይወስዳል። የ16 ዓመት የልጅ ልጇን ክሪስታልንም ከነገሩ ውስጥ ይከታታል። ቴሌቪዥኑ ላይ የእሱ ፎቶ ብቅ ሲል ልጅቷ እንዳታይ ብሎ ይስማታል። ይህ ትዕይንት ብዙ ሰው ያስቆጣል። መቆጣትም ይገባል። ይሁንና ፊልሙ ትዕይንቱን የፍቅር አላደረገውም። ኮኒ ስሌት ላይ ነው። የሚያደርገው ሁሉ ጊዜ ለመግዛት ነው። ክሪስታልን የምትጫወተው ታሊያ ዌብስተር ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም። ስልቹ፣ ነገር ገብቷት ዝም የምትል ልጅ አድርጋ ነው የሠራቻት። ለዚህ ሚና ኢንዲፔንደንት ስፒሪት ለተባለው ሽልማት ታጭታለች። የሚገርመው፣ ፊልሙ ውስጥ ከእሷ በላይ አስተዋይ ሰው የለም። ያም ሆኖ የሚሰማት የለም።

ቀጥሎ መዝናኛ ፓርኩ አለ። ኮኒና ሬይ የሚባል ሌላ ወሮበላ እዚያ የተደበቀ ገንዘብና ዕፅ ፍለጋ በሌሊት ይገባሉ። የፓርኩ ጥበቃ ዳሽ ይደርስባቸዋል። ዳሽን የሚጫወተው ሶማሊያዊው ባርካድ አብዲ ነው። በ2013 በወጣ የባሕር ላይ ወንበዴዎች ፊልም ለኦስካር የታጨው ማለት ነው። ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ የመን ኖሮ፣ ሚኒያፖሊስ ያደገ ሰው ነው። እዚህ ደግሞ ሕግ አክባሪ ዘበኛ ሆኗል። ሥራውን ስለሠራ ብቻ ደብድበው ይዘርሩታል። አፉ ውስጥ ዕፅ ያፈሱበታል። ፖሊስ ሲደርስ ኮኒ የዳሽን ዩኒፎርም ለብሶ ቆሟል። መሬት ላይ የተዘረረ ጥቁር አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ነጭ አለ። ፖሊሱ ማን ዘበኛ ማን ሌባ እንደሆነ ለመወሰን አፍታም አልወሰደበትም።

አየህ? እዚህ ላይ ዘር ለጌጥ የገባ ነገር አይደለም። ሴራው የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። ኮኒ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ይህ ፊልም ሃያ ደቂቃም አይቆይም ነበር። የሚያመልጠው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያምኑት ነው። ክሪስታልም ከውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ትያዛለች። ኮኒ በአጠገቧ ያልፋል። አንድ ቃል አይተነፍስም። ዳይሬክተሮቹ ይህን ሳያውቁ አደረጉት ብሎ መከራከር ከባድ ነው። አውቀው ነው ያስቀመጡት።

ከዚያ ደግሞ ወሮበሎቹ ወደ ዳሽ ቤት ይሄዳሉ። ዳሽ ራሱ በፖሊስ እጅ ነው፤ እነሱ ሳሎኑ ውስጥ ተንሰራፍተው ይቀመጣሉ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ውሻ አለው። የስደተኛ ላብ የሠራው ቤት ነው። ይህን ትዕይንት ብዙ ተቺ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ ይበልጣል። ዳሽ ተራ ዘበኛ ሳይሆን ኑሮ ያለው ሰው መሆኑን የምናውቀው እሱ ከሌለ በኋላ ነው።

እስካሁን የአንተን ወገን ይዤ ተከራከርኩ። አሁን ጓደኞችህ ሊሉ የሚችሉትን ልጨምር። «ፊልሙ ይረሳቸዋል» ለሚለው አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ ካሜራው ከኮኒ ስለማይለይ ነው የሚል ነው። ኮኒ ትቷቸው ከሄደ ካሜራውም ትቷቸው ይሄዳል። ጥሩ መልስ ይመስላል። ግን አይሠራም። ካሜራው ከኮኒ ይለያል። ፊልሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በኒክ ነው። ኒክ እስር ቤት ሲደበደብም ኮኒ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሬይ አለ። ይህ ማንም የማያዝንለት ዕፅ ሻጭ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ሲያወራ ፊልሙ ኮኒን አቁሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሬይን ቀን ከጧት እስከ ማታ በምስል ያሳየናል።

ለክሪስታል እንዲህ ያለ ደቂቃ የለም። ለዳሽም የለም። ከታሰሩ በኋላ ምን ደረሰባቸው? ልጅቷ ለአያቷ ደወለች? ዳሽ ማንነቱን ለማስረዳት ስንት ሰዓት ፈጀበት? ዳይሬክተሮቹ ለሬይ ጊዜ ካላቸው ለእነዚህም ይኖራቸው ነበር። በደሉን ፊልሙ ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን። ስለ በደሉ የሚናገር አንድም ሰው ግን ከተበደሉት ውስጥ አልተሰጠንም። እኔ «ጉድ ታይም»ን እንደ ትልቅ ፊልም ነው የማየው። ይህን ጉድለቱን ግን ልሸፍንለት አልችልም።

አሁን ጓደኞችህ ያላዩት ፊልም አለ። «ሌኒ ኩክ» ይባላል። በ2013 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ ሳፍዲዎችና ስለ ጥቁር ሰው ማውራት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ማየት አለበት። ብዙ ሰው አላየውም።

ሌኒ የብሩክሊን ልጅ ነው። በ2001 በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ደረጃ ሌብሮን ጄምስና ካርሜሎ አንተኒ ከሚባሉት ልጆች ጋር፣ አንዳንዴም ከእነሱ በላይ ስሙ የሚጠራ ነበር። በዚያ ክረምት አዲዳስ በደገፈው ካምፕ ሌብሮን በጨዋታ በለጠው። በማለቂያው ሰኮንድ አግብቶም አሸነፈው። በ2002 ሌኒ ኮሌጅ ሳይገባ ለኤንቢኤ፣ ማለትም ለአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ምርጫ ራሱን አቀረበ። ማንም አልመረጠውም። አንድም ቡድን።

የወጣትነቱን ምስል ያኔ ሌላ ሰው ቀርጾት ነበር። ሳፍዲዎች ከዓመታት በኋላ ተረክበውት የጎለመሰውን ሌኒ ጨመሩበት። የወፈረ፣ ወጥ የሚሠራ፣ ቴሌቪዥን ላይ የድሮ ጓደኞቹን የሚያይ ሰው ነው። 30ኛ ዓመት ልደቱን ሲያከብር ይጠጣል፣ ይበሳጫል፣ ያወራል። ካሜራው አይቸኩልም። «ጉድ ታይም» ውስጥ ያየኸው ጥድፊያ የለም። ሰውዬው ይናገራል፣ ይሳሳታል፣ ራሱን ያታልላል፣ ራሱን ይይዛል። ቅዱስ አላደረጉትም። የሚታዘንለት ምስኪንም አላደረጉትም። መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር ጥበብ ትልቁን ሌኒ ከትንሹ ሌኒ ጋር ያገናኙታል። ትልቁ ትንሹን ይመክረዋል። ልጁ መስማቱን እንጃ።

ይህን ፊልም ያነሳሁት ሳፍዲዎችን ለማስመስገን አይደለም። ሁለት ነገር ስለሚያስረዳ ነው። አንደኛ፣ ለጥቁር ሰው ጊዜና ስፋት መስጠት ይችሉበታል። ስለዚህ በሌላ ፊልም ሲነፍጉ አቅም አንሷቸው ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። «ሌኒ ኩክ» ስለ ዋጋ ግምት የተሠራ ፊልም ነው። መልማዮች፣ የጫማ ኩባንያዎች፣ ጋዜጠኞች በአንድ ለጋ ጥቁር ልጅ ገላ ላይ ዋጋ ይለጥፋሉ። በዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። ወሬውን ያናፈሱት ሁሉ ሌላ ልጅ ፍለጋ ይሄዳሉ። ልጁ ብቻውን ይቀራል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሳፍዲዎች ይህንኑ ታሪክ መልሰው ነገሩን። በዚህኛው ዋጋ የተለጠፈበት ድንጋይ ነው።

«አንከት ጄምስ» የ2019 ፊልም ነው። ሃዋርድ ራትነር የሚባል የ47ኛ ጎዳና ነጋዴ ከኢትዮጵያ ጥቁር ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ያስመጣል። የሚጫወተው አዳም ሳንድለር ነው። ሰውዬው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። ውርርድም ለምዶበታል። ድንጋዩ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብሎ ያምናል። ገማቾቹ ግን ከ155,000 እስከ 225,000 ነው የሚሉት። ሱቁ ውስጥ ኦፓሉን አይቶ ልቡ የተነጠቀው ኬቨን ጋርኔት ነው፤ ራሱን ሆኖ የሚጫወተው የያኔው የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ኮከብ።

ስለ ጋርኔት ምርጫ ትንሽ ልንገርህ። መጀመሪያ የታሰበው አማሬ ስታውደማየር ነበር። ኋላ የእስራኤል ዜግነት ያገኘውና ወደ ይሁዲ እምነት የገባው ተጫዋች ነው። ኮቢ ብራያንትና ጆኤል ኤምቢድም ታስበው ነበር። ተጫዋቹ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉም ይቀየር ነበር፤ ምክንያቱም ፊልሙ በእውነተኛ ጨዋታዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጋርኔት ሲገባ የ2012ቱ የቦስተንና የፊላደልፊያ ግጥሚያ ተመረጠ። ሰባተኛውን ጨዋታ ቦስተን 85 ለ 75 ያሸነፈበት ማለት ነው።

ጋርኔት እዚህ ፊልም ውስጥ የማንም ተላላኪ አይደለም። ገንዘብ አለው፣ ስም አለው፣ ሃዋርድን ሊያስጨንቀው ይችላል። ከሁሉም በላይ ጥያቄ ይጠይቃል። ድንጋዩን በስንት እንደገዛው ያፋጥጠዋል። ሃዋርድ መቶ ሺህ ዶላር ይላል። ሚሊዮን ያወጣል የምትለውን በመቶ ሺህ ስትገዛ ምንም አልተሰማህም? ነው ነገሩ። ሃዋርድ ይህ ገንዘብ ለእነዚያ ሰዎች የስንት ዕድሜ ገቢ እንደሆነ ታውቃለህ እያለ ይከራከራል። ጋርኔት አልተዋጠለትም። የፊልሙ ሕሊና ለደቂቃ አፍ ያወጣው በአንድ ጥቁር አትሌት በኩል ነው። እሱ ራሱ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረበትን ገበያ ያውቀዋል። ሌኒ ኩክን ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ደማኒስ? ላኪት ስታንፊልድ የሚጫወተው ደማኒ ደላላ ነው። እኛ አገር በደንብ የምናውቀው ዓይነት። ሀብታም ጥቁር ደንበኞችን፣ አትሌትና ሙዚቀኛውን፣ ወደ ሃዋርድ ሱቅ ያመጣል። ኮሚሽን ይበላል። በጎን ደግሞ ፎርጅድ ሰዓቶቹን እዚያው ሱቅ ያስቀምጣል። ሃዋርድ ያለ እሱ ሱቁን ይዘጋል፤ ግን እኩያው አድርጎ አያየውም። ሰዓቶቹን የራሱ ያህል ይጫወትባቸዋል። ደማኒ ይናደዳል። ይሰድባል። መጨረሻ ላይ በቃኝ ብሎ ይሄዳል። በክሪስታልና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ደማኒ መቆጣት ተፈቅዶለታል። መሄድም ይችላል። በሳፍዲዎች ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ ከነጭ ዋና ገጸ ባሕርይ እጅ ሳይሰበር የሚወጣ ጥቁር ገጸ ባሕርይ ደማኒና ጋርኔት ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሚሞተው ሃዋርድ ነው። በዚህ ፊልም ሂሳቡን ራሱ ከፈለ።

ከወሎ ሰዎች ሂሳብ በስተቀር።

መክፈቻውን ዳግም እንየው። 2010 ነው። ማዕድን ማውጫ ነው። አንድ ሠራተኛ እግሩ ክፉኛ ተሰብሮ፣ አጥንቱ ወጥቶ በሰዎች ሸክም ይመጣል። ቻይናውያን አለቆች አሉ፤ ሠራተኛው በእነሱ ላይ ይጮኻል። በግርግሩ መሐል ሁለት ሰዎች ሹልክ ብለው ዋሻ ይገቡና ጥቁሩን ኦፓል ፈልፍለው ያወጣሉ። ካሜራው ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። ቀለማቱ ውስጥ ይዋኛል። ሲወጣ ሃዋርድ ሐኪም ቤት ተኝቶ አንጀቱ በካሜራ እየታየ ነው። ከወሎ ዋሻ ወደ ኒውዮርክ ነጋዴ አንጀት። እንደ ሲኒማ ድንቅ ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፤ ይህ የምታየው ውበት ከደም ነው የመጣው ይልሃል።

ኦፓሉ የሚወጣበትን የወሎውን ደላንታ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ነገር ይጎረብጠዋል። የወሎ ኦፓል በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው በ2008 ነው። የሚቆፍሩት የአካባቢው ገበሬዎችና ወጣቶች ናቸው። ገደሉን ይዘው፣ አንዲቷን ቀጭን የኦፓል ንጣፍ እየተከተሉ፣ በእጅ መሣሪያ ወደ ጎን ይገባሉ። ዋናው አደጋ ናዳ ነው። ሠራተኛውን አሰልፎ የሚያዝ የቻይና አለቃ እዚያ የለም። ያለው ገበሬ፣ ደላላና ገዢ ነው። ከወገል ጤና በብዛት የሚወጣው ኦፓል ደግሞ ነጣ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነው የወሎ ኦፓል ገበያ ላይ የታወቀው ከ2013 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ጥቁር ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው በጭስ ወይም በሌላ ዘዴ የጠቆረ ነበር። ሃዋርድ የገዛው ፎርጅድ ነበር እንዴ ብለህ ብትስቅ አልፈርድብህም።

ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ልብ ወለድ የአገር ካርታ እንዲጠብቅ አልጠይቅም። አንዱ ግን ይከብዳል። ሃዋርድ ድንጋዩ ከኢትዮጵያ አይሁዶች እጅ እንደመጣ ለጋርኔት ይነግረዋል። ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የኖሩት በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜን ተራሮች፣ እንዲሁም በትግራይ ነው። ገበሬዎች ነበሩ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ ይሸምናሉ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓጉዟል። በ2010 ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚቆፍር የአይሁድ ማኅበረሰብ አልነበረም።

ታዲያ ለምን ፈጠሯቸው? ለሃዋርድ ሲሉ ነው። እዚያ አይሁዳዊ ቆፋሪ፣ እዚህ አይሁዳዊ ነጋዴ። አንድ እምነት፣ ሁለት ዕጣ። ሃዋርድ በእምነት ወንድሞቹ ላብ ይነግዳል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ሃዋርድንም ያጋልጠዋል። ዋጋው ግን ይታይህ። ሁለቱ ቆፋሪዎች ለእኛ ስም የላቸውም። ቤተሰብ የላቸውም። መቶ ሺህ ዶላሩ ደርሷቸው ይሁን በመሐል ደላላ በልቶት አናውቅም። ድንጋዩ ሱቁ ሲደርስ ዓሣ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ነው፤ መንገዱን ማን እንዳሻገረው አይነገረንም። እግሩ የተሰበረውስ ዳነ? ፊልሙ ለእሱ ሁለተኛ እይታ አልነበረውም።

ሃዋርድ በወሎ ሰዎች ላይ ያደረገውን ፊልሙም አድርጎታል። ውበቱን ወስዶ ሰዎቹን እዚያው ትቷቸዋል። ይህን ሳፍዲዎች አላወቁትም አልልም። ምናልባት አውቀውታል፤ የጋርኔት ጥያቄ ያንን ይጠቁማል። ግን ጠያቂው ሌላ ጥቁር ሰው ነው፤ ያውም ሚሊየነር። ባለቤቶቹ አይደሉም። ለዚህ ነው ወሎ ላይ ነጥቡን ለጓደኞችህ የሰጠሁት። ሃዋርድን ሁለት ሰዓት ከሩብ ስንከተል፣ ለእነዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ስልክ መደወል እንኳ ሊጻፍላቸው ይችል ነበር። «ድንጋያችን ተሸጠ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ሃዋርድ በዚያ ሁሉ ጥሪ መሐል አንዱን ከወሎ ቢያነሳ ፊልሙ ይበልጥ ይጨንቅ ነበር እንጂ አይቀዘቅዝም።

ወደ አቤል እንምጣ። አቤል ተስፋዬ እዚያ ፊልም ውስጥ ራሱን ነው የሚጫወተው፤ የ2012ቱን፣ ገና ስሙ እየገነነ ያለውን ዘ ዊኬንድን። ክለብ ውስጥ ይዘፍናል፣ የሃዋርድን ፍቅረኛ ያሽኮረምማል፣ ከሃዋርድ ጋር ይጣላል። ያው ነው። ኢትዮጵያ የሚል ቃል ከእሱ ጋር ተያይዞ አይነሳም። ቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ አማርኛ እየሰማና እየተናገረ ያደገ ልጅ መሆኑን ፊልሙ ምንም አልተጠቀመበትም። የኒውዮርክ ተመልካች ይህን ልብ የሚልበት ምክንያት የለውም። እኛ ግን እናያለን። አንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ዓይነት ኢትዮጵያዊ ገብቷል። አንዱ አፈር ውስጥ ነው፣ ስም የለውም። ሌላው መድረክ ላይ ነው፣ የሚጠራውም በመድረክ ስሙ ነው። በመካከላቸው ያለው ያ ኦፓል ብቻ ነው፤ እሱንም አቤል አላየውም። ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስለኝም። የተዋናይ ምርጫ አጋጣሚ ነው። ለሚጽፍ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ አመለጣቸው።

የቀሩትን የቀደሙ ሥራዎቻቸውን አልፋቸዋለሁ። ስለ አንድ ዝርክርክ አባትና ስለ ኒውዮርክ የሄሮይን ሱሰኞች የሠሯቸው ፊልሞች ጥሩ ናቸው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ብዙ አይጨምሩም።

ከጓደኞችህ ጋር ስትከራከር አንድ ምክር ልስጥህ። «ዘረኛ ነው» እና «ዘረኝነትን ያሳያል» በሚሉት ሁለቱ ብቻ ከተያዛችሁ እስከ ንጋት ብትቀመጡ አትስማሙም። ይልቅ አንድ ገጸ ባሕርይ ምረጡና እየተከተላችሁ እዩ። ዋናው ሰው በሌለበት አንድ ትዕይንት አለው? ስለ ራሱ የሚያወራበት ደቂቃስ? የሃዋርድ ፍቅረኛ ጁሊያ መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ይዛ ብቻዋን ካዚኖ ስትሄድ ካሜራው ይከተላታል። ሬይ የራሱ ታሪክ ተሰጥቶታል። ሌኒ ሙሉ ፊልም አለው። ከዚያ ክሪስታልን፣ ዳሽንና ሁለቱን ቆፋሪዎች በዚሁ መንገድ ፈትሹ። ክርክሩ ያኔ በማስረጃ ይሆናል።

ወንድማማቾቹ አሁን አብረው አይሠሩም። መለያየታቸው በ2024 ተነግሯል። በ2025 ሁለቱም የየራሳቸውን ፊልም አወጡ። የጆሽ ፊልም «ማርቲ ሱፕሪም» ይባላል፤ ስለ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነው። ራፐሩ ታይለር ዘ ክሪኤተር ዋሊ የሚባል ባለ ታክሲ ሆኖ ይሠራበታል። የማርቲ ወዳጅ ነው፤ በውርርድ ሰው ሲያታልሉም ተባባሪው ነው። የመጀመሪያ ገጸ ባሕርያችሁ እሱ ይሁን።